ለጽሕፈት የተቀነሰብኝ አምስት

ውጭ አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነጻ የትምህርት ዕድል ለማግኘት ሳመለክት የአራት ዓመት ውጤትሽን ላኪ አለኝ። ውጤቴን የሚልክልኝ ትምህርት ቤት ግን የለኝም። ከዘጠነኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል የተማርኩት ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ከእናቴ ነው። የቀኝ ክንዴ አጥንት ታሞ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ለሕክምና መመላለስ ስጀምር ብዙ ቀን ቀረሁና ክፍል ድገሚ ተባልኩ። እናቴ አስተማሪ ነበረች። "እኔ እያለሁ?" ብላ ሥራዋን ለቀቀችና እኔን ያዘች።

ስለዚህ ቅጹን የምንሞላው እኛው ነን። የመምህር ስም፣ እማዬ። የርዕሰ መምህር ስም፣ እማዬ። የወላጅ ፊርማ፣ አሁንም እማዬ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ልጅ ወረቀቱን አገላብጣ "ማህተሙስ?" ስትለኝ ለመሳቅም ለመመለስም ደከመኝ። ማህተም ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ስንዞር ከርመን፣ በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲው የእናትሽ ፊርማ ይበቃል ብሎ ጻፈልን። እፎይ ብለን አማካዩን ስናሰላ ደግሞ ሰማንያ ሁለት መጣ። የሚፈለገው ሰማንያ አምስት ነው።

እማዬ ማርክ ላይ ቋጣሪ ናት። ለልጇ አደላች እንዳትባል እኔ ላይ ትብሳለች። ማን እንደሚላት እንጃ፤ ሳሎኑ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

"እማዬ፣ በናትሽ ትንሽ ጨምሪልኝ። ሦስት ማርክ አገር አያፈርስም።"

"አልዋሽም። ያገኘሽውን ነው የምጽፈው።"

ተናደድኩ። ደክሞኝ ስናደድ ደግሞ አፌ አያርፍም። "እንግዲያው የፈተና ወረቀቶቼን አምጪና የት እንዳጠፋሁ አሳዪኝ!" አልኳት።

አመጣቻቸው። አንድም ሳትጥል በማዳበሪያ ከረጢት አልጋ ሥር አስቀምጣቸዋለች። ምንጣፉ ላይ ዘርግተን አንድ በአንድ አየን። ባዮሎጂ፣ ሁሉም ትክክል፣ ዘጠና አምስት። ሒሳብ ሰማንያ አንድ መሆን ሲገባው ሰባ ስድስት። ሁሉም ላይ፣ ከግርጌ፣ በቀይ እስክሪብቶ "ለጽሕፈት አምስት ተቀንሷል" ይላል። ድሮ ስታስተምር ከመቶው አምስቱን ለጽሕፈት ማማር ትይዝ ነበር። ልማዷን ይዛው ቤት ገብታለች።

"እማዬ፣ ይሄን ስጽፍ እኮ ቀኝ እጄ ጀሶ ውስጥ ነበር። በግራዬ ነው የጻፍኩት።" ቀኝ እጄ ዛሬም እስክሪብቶ አጥብቆ አይዝም።

"ባልቀንስብሽ ኖሮ በግራሽ አሳምረሽ መጻፍ ትለምጂ ነበር?"

"እለምድ ነበር።"

መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው፣ ቀይ እስክሪብቶዋን አነሳች። ማርክ አይፋቅም፤ የተሳሳተው ላይ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ ያረመው ሰው ይፈርማል። እማዬ እንደ ደንቡ አደረገችው። መስመር፣ አዲሱ ማርክ፣ ፊርማ። ከዚያ ቀጣዩ ወረቀት። እኔ በስልኬ እየደመርኩ፣ እሷ በራሷ ላይ እየፈረመች ከሰዓቱ አለቀ። ጀርባዬን አመመኝ፤ እሷም አንገቷን ደጋግማ ታሸው ነበር።

አማካዩ ሰማንያ ሰባት ሆነ። በቃ፣ አለፍኩ። ደስታው ግን እንደጠበቅኩት አልመጣም። የመጨረሻዎቹ ወረቀቶች ላይ ፊርማዋ እየተበላሸ ሲሄድ ሳይ አንጀቴን በላችው። ምነው አፌን በያዝኩት ብዬ ተጸጸትኩ፤ ማርኩን ግን መልሺ ለማለት አልደፈርኩም።

ወረቀቶቹን ሰብስባ እስክሪብቶዋን ከደነች።

"ያኔ አትቀንሺብኝ ብለሽ ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ።

ልመልስላት አልፈለግኩም። እሷ ግን ቀና ብላ እየጠበቀችኝ ነበር።

"ጠዋት የማስተማሪያ ነጭ ጋውንሽን ስትለብሺ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እናትሽ አይደለሁም፣ ቲቸር በይኝ ትይኝ ነበር" አልኳት። "ለቲቸር እንዳልነግራት ፈራኋት። እናቴ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትመጣ በጣም ደክሟት ነበር የምትመጣው።"