የወይንሸት ኮምፒውተር አድራሻ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ሌላውን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህን ግን የኮምፒውተር ነገር አይገባቸውም እያልኩ ዘለልኩት። ኃጢአቱስ አይገባቸውም ነበር?

ደብረ ብርሃን፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ እሠራ ነበር። የኮሌጁ ዋይፋይ ላይ የሚገባው ማክ አድራሻው የተመዘገበ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ማክ አድራሻ ማለት እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው መለያ ነው። መዝጋቢዋ እኔ ነበርኩ።

ወይንሸት የጎረቤላ ከተማ ልጅ ናት፤ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ ትኖር ነበር። እሷና ልጄ ትዕግሥት ለአንድ የረዳት መምህርነት ቦታ ተወዳደሩ። ፈተናው የሚሰጠው በዚያው ዋይፋይ ነው። በዋዜማው ወይንሸት የተዋሰችውን ላፕቶፕ ታቅፋ ቢሮዬ መጣች።

"እትዬ፣ ዊንዶውስ ቢሆን አይፒኮንፊግ የሚለውን ትእዛዝ ጽፌ አድራሻውን እኔው አወጣው ነበር። ይሄ ሊኑክስ ነው፤ አላውቅበትም።"

"አምጪው" አልኳት።

አይፒ ሊንክ የሚለውን የሊኑክስ ትእዛዝ ጻፍኩ። ሁለት አድራሻ ወጣ፤ አንዱ የኬብሉ፣ አንዱ የዋይፋዩ። ዋይፋይ የሚያስገባው ሁለተኛው ሲመዘገብ ብቻ ነው። የቱ የቱ እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ልጄን አሰብኩ። የኬብሉን መዘገብኩ። አልተሳሳትኩም። እኔ፣ እያወቅኩ፣ የኬብሉን መዘገብኩ።

"እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?"

በማግስቱ ኮምፒውተሯ አልገባ አላት። ፈታኙ አስጠሩኝ። ያኔ ማስተካከል እችል ነበር። ለምን አላስተካከልኩም? "የተዋስሽው ዕቃ ተበላሽቶ ይሆናል" አልኳት። አመነችኝ። ሰዓቱ አለፈ።

ትዕግሥት ተቀጠረች። ወይንሸት አገሯ ገባች፤ ዛሬ ጎረቤላ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች።

አምና ታምሜ ተኛሁ። ትዕግሥትን ሥራው አልለቀቃትም። ያ ሥራ። ወይንሸት ሰምታ ሽንኩርቷን ትታ መጣች፤ አጠበችኝ፣ ሾርባ አጎረሰችኝ። "ያኔ ለእኔ የደከሙት አይረሳኝም" አለችኝ። እኔም ዋጥኩት፤ ሾርባውንም፣ ቃሉንም።

ተመስገን፣ ድኛለሁ። እናት ስለሆንኩ ነው አልልም፤ ወይንሸትም እናት አላት። ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ጎረቤላ እሄዳለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት አፌ ይታዘዘኝ እንደሆነ አላውቅም። ምስጋናዋን ግን መመለስ አለብኝ፤ የእኔ አይደለም።