መሲና ያልኳት ላም

መሲና የምትል አንዲት ቃል አንድ ላም፣ አንድ ጥጃና አንድ ወዳጅ አስከፍላኛለች። ያወጣኋት እኔው ነኝ፤ ያስገደደኝ የለም።

ጎንደር የከብት ገበያ ሃያ ዓመት ቆሜያለሁ፤ ትምህርቴም እዚያው ነው። መሲና የማትወልድ ላም ናት፤ ለእርድ እንጂ ለወተት አትፈለግም። አባባሏ ግን ሁለት ነው። ሻጭ ከአፉ ሳትወጣ ቶሎ ይውጣታል። ገዥ ግን "መሲ...ና!" ብሎ መሐሏን ይጎትታታል፣ አምስት ላም አልፎ የቆመው እስኪሰማ። ከዚያ በኋላ ለወተት ብሎ የሚጠጋት የለም።

ከኮሶዬ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ለዓመታት ከእኔ ሌላ ለማንም አይሸጡም። አንድ የኅዳር ቅዳሜ ቀይ ላማቸውን እየሳቡ መጡ። ሚስታቸው ሐኪም ቤት ተኝታለች። ላሟ ሁለት ዓመት አልወለደችም። ዞር ዞር ብዬ አየኋትና ቃሏን ጎተትኳት።

"ምነው ልጄ፣ ቀስ ብትላት?"

"አያ፣ ቀስ ብላት ዋጋዋ መቼ ይወርዳል?"

በዙሪያችን ያሉት ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

"ሰኔ ላይ ኮርማ አይቷታል እኮ።"

"ኮርማ የማያየው ምን አለ፣ አያ!"

እንደገና ተሳቀ። ቀኝ ጎኗን በጡጫ ገፋ ገፋ ማድረግ ነበረብኝ፤ አርግዛ ከሆነ ጥጃው እጅን መልሶ ይገፋል። ግን ጮኼ መሲና ያልኳትን ላም ሰው ፊት ብነካ ቃሌን መጠራጠሬ ይታወቅብኛል። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ገመዷን ሲሰጡኝ "ለቢላ አትስጣት፤ አንድ ክረምት ትታይ" አሉኝ። "እሺ" አልኩ፤ የነጋዴ እሺ። ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ሥጋ ቤቶች ይሻሙ ስለነበር ለአንዱ ሸጥኳት።

ማክሰኞ ሥጋ ሻጩ ደወለ፤ "ና፣ የሸጥክልኝን እይ።" ሄጄ አየሁ። ከታረደችው ላም ሆድ የወጣው ጥጃ አፍ ዙሪያ ጠጉር ማብቀል ጀምሮ ነበር።

ሽማግሌው ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ብዬ ኮሶዬ ወጣሁ። ደጅ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ፤ ግባ አላሉኝም። ነገርኳቸው።

"ወንድ ነው ሴት?"

"ሴት ናት፣ አያ።"

"እስቲ እንደዚያን ቀን በላት።"

"ምን ልበላት?"

"ላሜን ያልካትን። ገበያው እንዲሰማ አድርገህ።"

ሳልላት ከድንጋዩ ተነስቼ ወረድኩ።

ዛሬም ላም እገዛለሁ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ጎኗን እገፋለሁ፤ የሚስቅ ይሳቅ። ሽማግሌው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ በፊቴ ያልፋሉ።

ላሟ ታርዳለች። ጥጃዋ አልተወለደችም። ሽማግሌው ለሌላ ነጋዴ ይሸጣሉ።