አባባ መዘውሩን ያዘገዩበት እሑድ

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በትክክል እንዲሁ እንደተፈጸመ ለመማል አልደፍርም። የተማርኩት የታሪክ ሙያ ነው፤ በዐይኔ አየሁ የሚል ሰው ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ያወቅኩትም በዚያው ትምህርት ነው። ባለፈው ዓመት አብነት አካባቢ በአንዲት የሞባይል ጥገና ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ ግን፣ የጋለ ፕላስቲክና የማሽን ዘይት ሽታ በአንድነት ቢመጣብኝ፣ ከስልሳ ዓመት ያህል በፊት የማውቃት ክፍል ትዝ ብላኝ ቆሜ ቀረሁ። በመስኮቷ ላይ እንጋርደው የነበረውን ብርድ ልብስ እህቴ ሰማያዊ ነበር ትላለች፤ እኔ ቡናማ ነበር እላለሁ። ስለ ሽታው ግን አንለያይም።

አባቴ መርካቶ ውስጥ ኮትና ካፖርት የሚሰፉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የምንኖረውም ከሱቃቸው ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ለስፌት መኪናቸው መለዋወጫ ሊፈልጉ ምናለሽ ተራ ሄደው፣ በጆንያ የተጠቀለለ ዕቃ ታቅፈው ተመለሱ። ሲፈታ በእጅ የሚዘወር ትንሽ የፊልም ማሳያና በክብ ቆርቆሮዎች የታሸጉ ጥቂት ፊልሞች ሆኖ ተገኘ። ፊልሞቹ በሙሉ ድምፅ አልባ ነበሩ፤ አባቴ ገና ልጅ ሳሉ በሆሊውድ የተሠሩ።

«የመኪናው መለዋወጫ ይኼ ነው?» አለች እናቴ።

«ሁለቱም የሚዞሩ ናቸው» አሉ አባቴ።

በዚያ ክረምት እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጥረን፣ አባቴ መዘውሩን እያዞሩ ፊልም እናይ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ አይሰማም ነበር፤ በአቡጀዲው ላይ ያሉት ሰዎችም ስለማይሰሙ ማንም የጎደለው ነገር ያለ አይመስለውም ነበር። እኔ አንድ ቀጭን ሰው በሚወዛወዝ መሰላል ላይ ሳይወድቅ ሲራመድ ማየት እወድ ስለነበር፣ እርምጃውን በቃሌ አጥንቼ በግቢው ውስጥ እደግመው ነበር። አባቴ የሚያዩት ልብሱን ነበር። ጥሩ የተሰፋ ኮት በመጣ ቁጥር መዘውሩን ጥቂት ያዘገዩና ትከሻው ላይ ያለውን ስፌት ይመረምራሉ፤ ወዲያው ደግሞ ይፈጥናሉ። «አምፖሉ እንደ ካውያ ነው፤ አንድ ቦታ ከቆየ ያቃጥላል» ይሉን ነበር፣ ማናችንም መዘውሩን እንዳንነካ ሲያስጠነቅቁን። ለእነዚያ ፊልሞች ያላቸው ስስት ለእኛ ካላቸው ያነሰ አልነበረም ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያቆም ችግር መጣ። በሥዕሎቹ መካከል በጥቁር መደብ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ እያለ ይጠፋል፤ ተመልካቹም ሰዎቹ ምን እንደተባባሉ ማወቅ ፈለገ። አባቴ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ በየሳምንቱ ከእኛ ጋር የሚያዩት ጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሱሩርም አያነቡም። በዚያ ዓመት ስምንተኛ ክፍል የገባችው ታላቅ እህቴ አስካለ ግን ታነብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአቡጀዲው አጠገብ ቆማ፣ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ፣ ጽሑፉ በወጣ ቁጥር በአማርኛ ታሰማን ጀመር፤ ለሽማግሌው የሽማግሌ፣ ለሌባው የሌባ ድምፅ እየሰጠች።

«ያ ባርኔጣውን ያጋደለው ሰውዬ ምን አለ?» ይሏታል ሐጂ።

«ንጹሕ ሰው ነኝ አለ።»

«እኔ ሱቅ ቢገባ ጨርቅ አላስነካውም።»

ኅዳር ላይ፣ ወደ አውቶቡስ ተራ በኩል የጨው መጋዘን የነበራቸው አቶ ደምሴ፣ አስካለን ለወንድ ልጃቸው ለመጠየቅ ሽማግሌ ላኩ። ሠርጉ ለጥር ታስቦ ነበር። እናቴ ደስ ብሏት ነበር፤ ቤቱ የታወቀ፣ ልጁም ጨዋ ነው ትል ነበር። አስካለ ትምህርቷን መጨረስ እንደምትፈልግ ለእናቴ በጓዳ ተናግራለች፤ ለአባቴ ግን አልተናገረችም፤ በእኛ ቤት ሴት ልጅ ስለራሷ ጋብቻ አባቷ ፊት ቆማ አትናገርም ነበርና። አባቴ ለሽማግሌዎቹ ጊዜ ጠይቀው፣ ታኅሣሥ ውስጥ በአንድ እሑድ ቃላቸውን ሊሰጡ አቶ ደምሴን ጠሩ። አቶ ደምሴ የማሳያውን ወሬ ሰምተው ኖሮ፣ መጀመሪያ ፊልሙን እንይ፣ ጨዋታው ከዚያ በኋላ ይሁን አሉ። አባቴም በዚያው ሳምንት ከምናለሽ ተራ ያገኙትን፣ ማናችንም አይተነው የማናውቀውን ፊልም አወጡ።

እኔ የተቀመጥኩት አባቴ ክንድ ሥር ስለነበር፣ እጃቸው ከዐይኔ ፊት ነበር። ፊልሙ የአንድ ባለ ጀልባ አባትና የሴት ልጁ ታሪክ ነው። አባትየው ጣቱ ላይ ትልቅ ቀለበት ያደረገ ወፍራም እንግዳ ይዞ ይገባል፤ ለልጁ በእጁ ያመለክታታል፤ ልጅቷ ዐይኗን ቀና አድርጋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ጥቁሩ መደብ መጣ። መሀሉ ላይ ጥቂት ነጭ ፊደላት ብቻ ነበሩ።

አስካለ ያለወትሮዋ በራሷ ድምፅ ማንበብ ጀመረች።

«አባባ፣ እርስዎን እምቢ ማለት አይሆንልኝም፤ እሺ ማለትም አቃተኝ። ሰውየው ክፉ ነው አላልኩም። ግን የጀመርኩት ትምህርት አለ፤ የቀረኝ አራት ዓመት ነው። እሱን ልጨርስና ያኔ ለወደዱት ይስጡኝ። አሁን ከሰጡኝ ግን፣ ክፉ ባይገጥመኝም፣ ዕድሜዬን በሙሉ ጅምር ሆኜ እኖራለሁ።»

ንግግሩ ይህን ያህል ረጅም ነበር ወይስ ዓመታት አስረዘሙት፣ እርግጠኛ አይደለሁም። የአባቴን እጅ ግን አስታውሳለሁ። ያ ጽሑፍ በወትሮው ፍጥነት ቢሆን አምስት ስትቆጥሩ ባለፈ ነበር። እሷ ስትቀጥል መዘውሩ ዘገየ፤ ለየትኛውም ኮት ዘግይቶ ከሚያውቀው በላይ ዘገየ፤ በመጨረሻም የቆመ ያህል ሆነ። በጥቁሩ መደብ መሀል ቡናማ ነጥብ ወጣች፤ ካውያ እንደተረሳበት ጨርቅ እየሰፋች ፊደላቱን በላቻቸው፤ የፊልሙም ሽታ ክፍሉን ሞላው። አስካለ ፊቷን ወደ አቡጀዲው አድርጋ ስለነበር ቃጠሎውን ከሁላችን ይልቅ በቅርብ ታየው ነበር፤ ቢሆንም አላቋረጠችም። የመጨረሻውን ቃል ስትጨርስ እጃቸው ተንቀሳቀሰ።

ሥዕሉ ሲመለስ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ወደ ወፍራሙ ሰው ትሄዳለች።

«ይህን ሁሉ ተናግራ ለምን አንገቷን ደፋች?» አሉ ሐጂ ሱሩር።

«ደክሟት ነው፣ ሐጂ» አለች አስካለ።

አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያቺ ጭረት የምታህል ጽሕፈት ናት ይህን ሁሉ የምትለው?»

«የፈረንጅ ጽሕፈት እንደዚያ ነው፣ አቶ ደምሴ» አሉ አባቴ። «ጠቅልሎ ነው የሚጽፈው።»

ፊልሙ አልቆ ብርድ ልብሱ ሲነሣ፣ አባቴ ጥቅሉን ወደ ቆርቆሮው ለመመለስ ረጅም ጊዜ ወሰዱ። ከዚያ ወደ እንግዳቸው ዞረው፣ «ልጄ አራት ዓመት ቀርቷታል። ያኔ ፈቃዷ ከሆነ እንነጋገራለን» አሉ። «አራት» ማለታቸውን አስታውሳለሁ፤ ነገር ግን ቁጥሩን ከአስካለ ንባብ ወስጄ በእሳቸው አፍ አኑሬው ሊሆን ይችላል።

አቶ ደምሴ ተነሥተው ካፖርታቸውን ደረቡ። «ፊልም አይቶ ልጁን የሚከለክል ሰው ዛሬ አየሁ።»

«እኔም ገና ዛሬ ማየቴ ነው» አሉ አባቴ፤ እስከ በሩም ሸኟቸው።

በማግስቱ የተቃጠለውን ቦታ በልብስ መቀሳቸው ቆርጠው አውጥተው፣ ሁለቱን ጫፎች በማጣበቂያ አገናኙ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙ በታየ ቁጥር ልጅቷ ዐይኗን ቀና ታደርጋለች፣ ወዲያውም አንገቷን ትደፋለች፤ በመካከሉ ምንም ጽሑፍ የለም። አስካለንም እዚያ ላይ አንብቢ ያላት አልነበረም።

ጥር ያለ ሠርግ አለፈ። ከፋሲካ በኋላ አባቴ እኔንና አስካለን፣ ያረጁትን የመጀመሪያዎቹን ባለድምፅ ፊልሞች ሊያሳዩን ሲኒማ ቤት ወሰዱን። አስካለ ሙሉውን ሰዓት ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ያለማንም ተርጓሚ የምትሰማውን እንግሊዝኛ በከንፈሯ እየተከተለች ትስቅ ነበር፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የድምፅ አልባውም የባለድምፁም ፊልም አፍቃሪ ሆንኩ። ወጥተን ሲኒማ ራስ ማዕዘን ላይ ታክሲ ስንጠብቅ፣ አባቴን እንዴት አገኙት ብላ ጠየቀቻቸው።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ሲናገሩ ማንንም አይጠብቁም።»

አስካለ ትምህርቷን ጨርሳ የሳይንስ መምህርት ሆነች፤ ያገባችውም ራሷ የመረጠችውን ሰው ነው። አባቴ ስለዚያ እሑድ አንድም ቀን ሳያነሡ ዐረፉ። እሷን ግን ጠይቄአታለሁ፤ በቅርቡም፣ ሰባ ዓመት ካለፋት በኋላ፣ መልሼ ጠየቅኋት። «እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የፊልሙ ስም በቆርቆሮው ክዳን ላይ ተጽፎ ስለነበር፣ ክዳኑም እኔ ዘንድ ስለቀረ፣ ዘንድሮ ሌላ ቅጂውን ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። በስልኬ አየሁት። በዛሬ ጊዜ ፊልም ማቆም የጣት ጉዳይ ነው፤ አንዱን ሥዕል ቀኑን ሙሉ ይዘው ቢቆዩ የሚቃጠል ነገር የለም፤ ስለዚህም ማቆሙ ስላቆመው ሰው ምንም አይናገርም። ልጅቷ ዐይኗን ቀና ስታደርግ ጠበቅኩና፣ ጥቁሩ መደብ ሲመጣ አቆምኩት። ለመሳሳት እንዳልቸኩል መነጽሬን ቀይሬ ደግሜ አነበብኩት። የተጻፈው ሁለት ቃል ነው፤ «እሺ፣ አባባ»።