ዓርብን የበላ እርቅ

ሀኒፋ ከወሎ ወጥታ ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር አንድ ቪላ ቤት ስታገለግል ስድስት ዓመቷ ነው። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ታበስላለች። ዓርብ ግን የራሷ ናት። በጠዋት ዴም ሰፈር ትወርድና ወዳጇ ሙላቷ ዘንድ የምታድገውን የአምስት ዓመት ልጇን፣ ወፋን፣ ጸጉሯን ስትሠራት ትውላለች። ስድስቱን ቀን የምትችለው ለዚህች አንድ ቀን ብላ ነው።

የቪላው ጌታ ዶክተር ፈድለላ ስለ ጦርነትና ስለ እርቅ የሚያስተምሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ሱዳን ለሁለት በተከፈለችበት በዚያ ዓመት ቴሌቪዥኑ ሌላ ሰው ያጣ ይመስል ማታ ማታ እሳቸውን ይጠራ ነበር። “ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሸናፊዎቹ ጠረጴዛ ከበው በሰው አገር ላይ መስመር አሰመሩ፤ የሚቆረሰውን ሕዝብ የጠየቀው የለም። እንዲህ ያለ ሰላም የነገ ጦርነት ነው” ይላሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ሲያዝኑ እውነትም ያምርባቸዋል።

በገዛ ቤታቸው ደግሞ ምድር ቤት ያለችው ራሺዳና ፎቅ ላይ ያለችው ሰፋ፣ ሁለቱ ሚስቶቻቸው፣ በአንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ተጣልተው ሁለት ዓመት ሰላምታ ተነፋፍገዋል። ዶክተሩ በመጨረሻ ሳሎን አስቀመጧቸውና አሥራ ሁለት አንቀጽ ያለው ውል አስፈረሟቸው። ማሽኑ ለራሺዳ ሆነ። ሰፋ ካሣ ይገባኛል አለች፤ ካሣው ሀኒፋ ሆነች። ሦስት ቀን ለላይ፣ ሦስት ቀን ለታች። የተረፈችውን ዓርብን ደግሞ ሁለት ቦታ ቆረሷት፤ ከጁምዓ አዛን በፊት ለራሺዳ፣ ከሶላት በኋላ ለሰፋ። ሀኒፋ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ቀና ብሎ ያያት የለም።

“ዶክቶር፣ ዓርብ እኮ የልጄ ቀን ነው” አለች።

“ሀኒፋ፣ ለሰላም ሲባል ሁሉም ትንሽ ትንሽ መተው አለበት” አሏት። እሳቸው ምን እንደተዉ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

አራት ዓርብ አለፈ። ሙላቷ ደውላ፣ “ልጅቷ በር በሩን እያየች እህል አልቀምስ ብላኛለች” አለቻት። ሀኒፋ ማድቤት ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጠበችና ሲነበብ የሰማችውን ውል አንድ በአንድ አስታወሰች።

በአምስተኛው ዓርብ ሁለቱ እመቤቶች ደረጃው ሥር እስኪገናኙ ጠበቀች። “ሲቲ፣ እመቤቶቼ፣ ግራ ገብቶኝ ነው” አለች አንገቷን ደፍታ። “በአዛኑና በሶላቱ መካከል ያለችው ሰዓት የማናችሁ ናት?”

ራሺዳ የኔ አለች። ሰፋም የኔ አለች። ከዚያ ማሽኑም፣ ሰርጉም፣ የሟች አማታቸው ነገርም ተነሳ። ዶክተሩ ከመስጊድ ሲመለሱ ጎረቤቱ ሁሉ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ያዳምጥ ነበር። በማግስቱ አሥራ ሦስተኛ አንቀጽ ጨመሩ፤ ዓርብ የማንም አይደለችም፣ ማንም እንዳይነካት። የውሉ ትልቁ ፍሬ ይሄ ነው ብለው ከሀኒፋ ምስጋና ጠበቁ። አመሰገነቻቸው።

በስድስተኛው ዓርብ ዴም ስትደርስ ወፋ ከሙላቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። እስክትወጣ ብዙ ቆየች። ጸጉሯን ተሠርታ ስታበቃ፣

“ዩማ፣ በሚመጣው ጁምዓም ትመጫለሽ?” አለቻት እናቷን።

“ኢንሻአላህ፣ ካልታረቁ እመጣለሁ” አለች ሀኒፋ። “አንቺም ዱዓ አድርጊ።”