የአያ ሞላ ሥር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርኩ ይህችን እየዘለልኳት ኖሬአለሁ። ዛሬ ለማታውቁኝ ለእናንተ ልናገር።

እኔ ኬሚስት ነኝ። ሥራዬ ከዕፅዋት ውስጥ መድኃኒት የሚሆነውን ነገር ነጥሎ ማውጣት ነው። ማንኩሳ ተወልጄ፣ ፍኖተ ሰላም ተምሬ፣ አዲስ አበባ ዘለቅሁ። ደርግ ከወደቀ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ለዶክትሬቴ የማጠናውን ተክል ፍለጋ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ፍኖተ ሰላም ያሉ ባለጋሪዎች ገበዝ ማርያም አካባቢ አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ እንዳሉ ነገሩኝ። እሳቸው የሚሰጡት ሥር የፈረሱንም የሰውንም ቁስል ያደርቃል አሉኝ።

አያ ሞላ ብዙ ሳይጠይቁኝ፣ ቤታቸው ያደረቁትን ሥር በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። ቤተ ሙከራ ወስጄ ቁስል በሚያመረቅዝ ባክቴሪያ ላይ ስሞክረው ባክቴሪያውን ገደለው። በዓመቱ ለዋናው ጥናት ብዙ ስላስፈለገኝ ተመልሼ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ እርጥቡን ቆፍረው ሰጡኝና «በጥላ ይድረቅ ልጄ፤ ሙቀት አይወድም» አሉኝ። ሰምቻቸዋለሁ። ግን አማካሪዬ ውጤት እየጠበቀ ነበር፤ ቸኮልኩና ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ሥሩ ምንም አልሠራም። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ምንም። ያን ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ? አልጠየቅሁም። የጠረጠርኩት እሳቸውን ነው። ሲቆፍሩ ለምን አጥሩ ጋ ቁም አሉኝ? ስማቸውን ስመዘግብ ለምንድን ነው ብለው ለምን ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ? የመጀመሪያው ሥር ውስጥ ከፋርማሲ የተገዛ ኪኒን ፈጭተው ጨምረውበት ቢሆንስ? አንዴ መጠርጠር ከጀመርኩ በኋላ ሁሉም ነገር ማስረጃ ሆነልኝ፤ ምሳ አብልተው መሸኘታቸው ሳይቀር።

ፍኖተ ሰላም ሄጄ በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት የሚሠራ አብሮ አደጌን አገኘሁት። አንቱታውን እንኳ ትቼ «ሰውየው አታላይ ነው» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አያ ሞላን በሰው ፊት አቁመው «የምትሰጠው ሥር አይሠራም» ብለው የያዙትን ሥር አቃጠሉባቸው፤ ዳግመኛ መድኃኒት እንዳይሰጡም አስፈረሟቸው። አብሮ አደጌ ይህን ሲያወራልኝ ይስቅ ነበር። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ከአራት ወር በኋላ መደርደሪያዬን ሳጸዳ ከዚያው ከሁለተኛው ሥር የተረፈች አንዲት ቁራጭ አገኘሁ፤ ምድጃ ሳትገባ እዚያው በራሷ ደርቃለች። ሞከርኳት። ባክቴሪያውን ገደለችው። መድኃኒቱን ያበላሸው የምድጃው ሙቀት ነበር፤ ምድጃውን የለኮስኩትም እኔ።

እውነቱን ልነግራቸው ብዬ ገበዝ ማርያም ሄድኩ። እርግጥ ነው፣ ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። አያ ሞላ ድንች ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። መቆፈሪያቸውን ጥለው፣ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ሳሙኝ። ያስከሰስኳቸው እኔ መሆኔን አያውቁም። ልጃቸው ይመኙሻል መቀመጫ አመጣችልኝ። አፌን ሳልከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ አርጅቻለሁ። ዓይኔ አስቶኝ ሌላ ሥር ቆፍሬ ሰጥቼህ ይሆን እንዴ?»

ከዚያች የገበያ ቀን ጀምሮ ያከሟቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ደኅና መሆናቸውን ሲጠይቁ እንደከረሙ ነገሩኝ። ማንን ጎድቼ ይሆን እያሉ እንቅልፍ አጥተዋል። እኔ እሳቸውን ስጠረጥር እሳቸው ለካ ራሳቸውን ይጠረጥሩ ኖሯል። ጥርጣሬውን የሚቆርጥላቸው አንድ ቃል ነበር፤ ቃሉም እኔ ዘንድ ነበር። ይመኙሻል ቆማ አፍ አፌን ታየኛለች። ብናገር ወሬው አዲስ አበባ ይደርሳል፣ አማካሪዬ ይሰማል፣ መሳቂያ እሆናለሁ ብዬ አሰብኩ።

«ሊሆን ይችላል፣ አያ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። መቆፈሪያቸውንም አነሡ።

ይመኙሻል እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። አባቷ ሥሩን ሊያሳዩዋት ጀምረው እንደነበረ፣ አሁን ግን «የማላውቀውን አውርሼሽ ሰው እንዳትገድዪብኝ» ብለው እንደተዉት አጫወተችኝ። እኔም አመስግኜአት ሄድኩ።

ዶክትሬቴን ተቀበልኩ። ጽሑፌ ውስጥ ሥሩ በጥላ መድረቅ እንዳለበት አስፍሬአለሁ፤ እኔ እንደደረስኩበት አድርጌ። አያ ሞላ ከሦስት ዓመት በኋላ ማረፋቸውን ፍኖተ ሰላም አንድ ባለጋሪ ነገረኝ። ለቅሶ አልደረስኩም።

ወጣት ነበርኩ፣ ቸኩዬ ነበር ማለት እችላለሁ። ሥሩን ምድጃ ውስጥ ስከት እውነትም ቸኩዬ ነበር። ያን ቀን ድንቹ ማሳ ዳር ሲጠይቁኝ ግን አልቸኮልኩም። አስቤበት ነው የመለስኩት።