የአባቴ ጋቢና የእናቴ እንዶድ

የተወቀጠ እንዶድ ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ መጀመሪያ አፍንጫዬን ሰንፍጦ ያስነጥሰኛል፣ ቀጥሎ የአባቴን ጋቢ ያስታውሰኛል። ሮቤ ያለው ቤታችን አጥር ላይ እንዶድ ነበረን፤ እናቴ ፍሬውን ለቅማ፣ አድርቃ፣ በሙቀጫ ወቅጣ ውሃ ውስጥ ስታሸው አረፋው ከሳፋው ይገነፍል ነበር። ሳሙና ነጭ ልብስ ያወይባል ብላ አታምነውም ነበር። የመጨረሻውን እጣቢ እንኳ አትደፋም፣ ለጓሮ ጎመን ታጠጣው ነበር።

አባቴ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበር። በክረምት ያ የባሌ ብርድ አጥንቱ ድረስ ገብቶ ያስለው ጀመር፣ ጠዋት ሲመለስም አፉን በሚሸፍንበት የጋቢው ጫፍ ላይ ደም እናይ ነበር። እናቴ ሴቶቹ ሁሉ ወደሚያጥቡበት ወንዝ መውረዷን ትታ፣ ደም በሙቅ ውሃ አይለቅም እያለች ጋቢውን ከቤት ጀርባ በዚያ በረዶ ውሃ ዘፍዝፋ፣ በእንዶድ ደጋግማ ታሸው ነበር። የምትፈራው ወሬውን ነው፤ የሳንባ በሽታ አለበት ከተባለ ሥራውን ያጣል፣ ጎረቤትም በእኛ ኩባያ ውሃ አይጠጣም።

ጥቅምት ላይ ውርጩ ሲመጣ ባሰበት። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ሳሉን በአጥር በኩል ስትሰማ ከርማ፣ አንድ ቀን እናቴን «ወላሂ፣ ይሄ ሳል ደግ አይደለም፤ ጎባ ውሰጂው» አለቻት። እናቴ በቆሸሸ ልብስ ሰው ፊት አይቀረብም ብላ ጋቢውን በዋዜማው አጥባ ካደረቀችው በኋላ፣ በሚኒባስ ጎባ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ «አክታዎ ላይ ደም አይተው ያውቃሉ?» ሲለው አባቴ «ኧረ የለም፣ ብርድ ነው» አለ። ሐኪሙ የጋቢውን ጫፍ ገልበጥ አድርጎ አየው፤ ንጹሕ ነው። እናቴ መሬት መሬት ታይ ነበር። «ደም ያያችሁ ቀን ሳትውሉ ሳታድሩ ተመለሱ» ብሎ ሽሮፕ ሰጠን። በማግስቱ እናቴ ደሙን አየችው፣ አጠበችውም።

ጥር ላይ አባቴ ሞተ። ለቅሶ የመጡት ሰዎች አልጋው ላይ የተጣለውን ጋቢ እያዩ «እንዴት ያለ ንጹሕ ሰው ነበር» ሲሉ፣ እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ ያን ንጣት ጠላሁት።

ዛሬ ሮቤ ገበያ የእንዶድ ዱቄት በላስቲክ ታስሮ ይሸጣል፤ ወጣቶቹ ወንዝ አይበክልም እያሉ ይገዙታል። እኔም የማጥበው በእሱ ነው። አባቴን የሚያድነው መድኃኒት ያኔም በነጻ ይሰጥ እንደነበር ያወቅሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። ባለፈው ክረምት፣ አሁን ከእኔ ጋር የምትኖረው እናቴ ስትስል ሰነበተች። አንድ ጠዋት ነጠላዋ ገመድ ላይ ሆኖ ውሃ ሲያንጠባጥብ አገኘሁት።

«እማዬ፣ ደም ነበረው?» አልኳት።

«ታጥቧል» አለችኝ።

አባቴ ሲታመም ልጅ ነበርኩ፣ ማንም አልጠየቀኝም። ያንኑ ቀን እናቴን ጎባ ወስጄያት ሐኪሙ ስለ ደም ሲጠይቃት እንደ አባቴ «ኧረ የለም» አለች፤ እኔ ግን ቀና ብዬ «አለ» አልኩ።