ሸርጣኑን የማሩት አሮጊት

ከረጅም ስደት በኋላ ወደ ደሴታችን በምትመልሰን መርከብ ላይ፣ አጠገቤ የማላውቃቸው አሮጊት ተቀምጠዋል። አበባ የበዛበት ሰፊ ቀሚስ ለብሰው፣ የአንገታቸውን የቀዶ ጥገና ጠባሳ በዛጎል ሐብል ሸፍነዋል። ከደሴታችን ማዶ የአቶም ቦምብ ተሞክሮ ጨረሩ ሕዝባችንን ሲያሰድድ ገና ልጅ እንደነበሩ አጫወቱኝ።

ጨረር የሚለካው ጆርቦን፣ "እማማ፣ መንደሩ ተጠርጓል፤ ዓሣውም ይበላል። የዛፍ ሸርጣኑን ግን እንዳይነኩ፤ መርዙ አልለቀቀውም" አላቸው።

"ዕድሜ ልኬን ስመኘው የኖርኩትን?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ለእኔስ ግድ አልነበረኝም" አሉ እየሳቁ። "ግን ስበላ ካዩኝ የልጅ ልጆቼም ይበላሉ። እሺ፣ ትቼዋለሁ።"

እንደ ደረስን አንድ ትልቅ ሸርጣን የኮኮናት ዛፍ ላይ ሲወጣ አዩና ከሥሩ ቆሙ።

"እደግ አንተ" አሉት። "ዕድሜ ለጆርቦን፣ የሚነካህ የለም።"